ለቀብር ሦስት ቀን፣ ለማስታመም ስንት?

እናቴ ያረፈች ዕለት ድንኳኑ ለመተከል አንድ ሰዓት እንኳን አልፈጀም። የዕድሩ ጸሐፊ ስልክ መደወል ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ በራሱ ሄደ። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ ትልልቁ ድስት፣ ብርጭቆው ከዕድሩ ዕቃ ቤት ወጣ። ማን እንጀራ እንደሚያመጣ፣ ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍ፣ ማን ቤተክርስቲያን ሄዶ የቀብሩን ነገር እንደሚጨርስ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ታላቅ ወንድሜ መሥሪያ ቤቱ ሲደውል ሦስት ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ተሰጠው። በማግስቱ አለቃውና ባልደረቦቹ ሚኒባስ ሞልተው ለቅሶ ደረሱ።

እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። "ይሄ ሁሉ ሰው ሰባት ወር ሙሉ የት ነበር?"

ክፉ ያልኩት ሰዎቹ ክፉ እንዳልሆኑ ስለማውቅ ነው። ብርቱካንና ሙዝ ይዘው እየመጡ ጠይቀዋታል። "እግዜር ይማርሽ" ብለዋታል። አስር ደቂቃ ተቀምጠው፣ የእኔን ጉልበት መርቀው፣ ሄደዋል። ደህና ሰዎች ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። ለሞት ደንብ አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ድንኳን አለን፤ ሕጉም ቀን ቆጥሮ ሰጥቶናል። ለማስታመም ግን ያለን ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሴት ልጅ።

"አስታማሚዋ ማን ናት?"

እናቴ በስትሮክ የወደቀችው በ58 ዓመቷ ነበር። ግፊት እንዳለባት ታውቃለች። መድኃኒቱን ግን ደህና ነኝ ባለች ቁጥር ታቋርጠው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ። ወደ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ይዘናት በረርን። ካርድ ካወጣን በኋላ የተጠየቅነው የመጀመሪያ ጥያቄ "አስታማሚዋ ማን ናት?" የሚል ነው። "ማን ነው?" አላሉም። ሁለቱ ወንድሞቼ አጠገቤ ቆመዋል። ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም "እኔ ነኝ" አልኩ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያልተቀጠርኩበትን ሥራ ጀመርኩ። የደም ናሙና ወደ ላብራቶሪ ማድረስ፤ ውጤቱን መጠበቅና ማምጣት፤ ሆስፒታሉ "የለም" ያለውን መድኃኒት፣ አንዳንዴም ጓንትና ሲሪንጅ፣ ከውጭ ፋርማሲ ዞሮ መግዛት፤ ስትሬቸር መግፋት፤ ማጠብ፤ በማንኪያ መመገብ፤ ማታ ማታ ከአልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ መተኛት። ጠዋት ሐኪሞቹ ታካሚ ሊጎበኙ ሲመጡ ደግሞ "አስታማሚዎች ውጡ!" ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ስንት ጊዜ እንዳስመለሳት፣ ስንት ጊዜ እንዳቃሰተች የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። እንወጣለን። በመስኮት እናያለን።

ነርሶቹን ልወቅስ አይደለም። አንዲት ነርስ ያንን ሁሉ አልጋ ይዛ እናቴን በየሰዓቱ ታገላብጥልኝ ብዬ አልጠብቅም። ግን እውነቱን እንናገር፤ የሀገራችን ሆስፒታሎች በሐኪምና በነርስ ብቻ አይሠሩም። በአስታማሚ ነው የሚሠሩት። አንድ ቀን በሀገሪቱ ያለ አስታማሚ ሁሉ ተነጋግሮ ቤቱ ቢቀር፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ይህች ሠራተኛ ደመወዝ የላትም፣ ስልጠና የላትም፣ የምታርፍበት ወንበር የላትም፣ በማንም ሪፖርት ላይ አትቆጠርም።

በ12ኛው ቀን "ወደ ቤት ውሰዷት፣ ከወር በኋላ ለቀጠሮ አምጧት" ተባልን። በእጄ ላይ የተሰጠኝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመድኃኒት ወረቀት ነው። ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። አራት የሰፈር ልጆች በብርድ ልብስ ተሸክመው አወጧት። በሩን ዘጋሁና እናቴንና ወረቀቱን ተራ በተራ አየሁ።

መንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት ማንም አልነገረኝም። መዋጥ የሚቸገር ሰው ተኝቶ ከበላ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ እንደሚችል ማንም አልነገረኝም። የአልጋ ቁስል ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከእናቴ ጀርባ ላይ ነው። ይህን ለማስረዳት የሚያስፈልገው ምናልባት ግማሽ ሰዓት ነበር። ያቺ ግማሽ ሰዓት የማንም ሥራ ስላልሆነች ቀረች። እናቴ ግን ሁለት ወር ሙሉ በቁስል ተሠቃየችባት።

ሕጉን ስንገልጠው

ጋዜጠኝነት ስንማር "ከማማረርህ በፊት ሰነዱን አንብብ" ይሉን ነበር። እናቴ ስትተኛ ሰነድ አነብ ጀመር። ያገኘሁት አስገረመኝ።

አንደኛው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ቀለብ የመስጠት ግዴታን ይደነግጋል። ልጅ ለወላጅ፣ ወላጅ ለልጅ፣ ወንድምና እህትም እርስ በርስ ይረዳዱ ዘንድ ያስገድዳል። ቀለብ ሲል እንጀራ ብቻ ማለቱ አይደለም። መጠለያም፣ ልብስም፣ ጤናም አለበት። ስለዚህ እናቴ ስትታመም መርዳቴ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የሕግ ግዴታዬም ነው። ልብ በሉ፤ ሕጉ ልጅ አለ እንጂ ሴት ልጅ አላለም።

ሁለተኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህ አዋጅ ለታመመ ሠራተኛ ደህና ነገር አስቦለታል። በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። የትዳር ጓደኛው፣ ወላጁ፣ ልጁ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመዱ ለሞተበት ሠራተኛ ደግሞ ሦስት የሥራ ቀናት ከሙሉ ክፍያ ጋር ይሰጣል። ቤተሰቡ ለታመመበት ሠራተኛስ? እሱን በስሙ የሚጠራ አንቀጽ አጣሁ። የሚቀርበው "ልዩና ከባድ ሁኔታ" ሲያጋጥም የሚሰጠው ፈቃድ ነው። እሱም ያለ ክፍያ ነው፤ በተከታታይ ከአምስት ቀን አይበልጥም፤ በበጀት ዓመት ውስጥ የሚፈቀደውም ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ "እናትሽን የመርዳት ግዴታ አለብሽ" ይላል። ሌላው "በዓመት አስር ቀን፣ ያለ ደመወዝ" ይላል። እናትሽ ከሞተች ግን ሦስት ቀን በክፍያ።

እኔ ሁሉንም ተጠቀምኩ። መጀመሪያ የዓመት ፈቃዴ የሆነውን 16 የሥራ ቀን ጨረስኩ። ቀጥሎ አምስቱን ቀን፣ ቀጥሎ ሌላውን አምስት ቀን። ከዚያ የቀረኝ መልቀቂያ ማስገባት ነበር፤ አስገባሁ። አለቃዬ "ቦታሽ ክፍት ነው፣ ስትድን ተመለሺ" አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር። በሁለተኛው ወር ሌላ ሰው ቀጠሩ፤ እሱንም አልፈርድባቸውም። ሥራ ባልለቅ ኖሮ ለእናቴ ቀብር ሦስት ቀን ከነክፍያው ይደርሰኝ ነበር ብዬ ድንኳኑ ውስጥ ሳስብ ሳቄ መጣ። ለቅሶ ላይ ሳቅ ነውር ስለሆነ በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ፖሊሲው በር ድረስ መጥቷል፤ ገብቶ አልተቀመጠም

ፍትሐዊ እንሁን። ይህች ሀገር ጤናን ወደ ሰው ቤት የማድረስ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለብዙ ሀገሮች ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። አስረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሰልጥነው፣ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተሰማሩ። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። መጀመሪያ ላይ 16 ፓኬጆች ነበሯቸው፤ ንጽሕና፣ የቤተሰብ ጤና፣ በሽታ መከላከል፣ የጤና ትምህርት። ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ የእነሱን እግር ተከትለው ገጠር ገቡ። የሕፃናት ሞት እንዲቀንስ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የእነሱ ልፋት ነው። ቆየት ብሎም በከተማ ነርሶች ቤት ለቤት እንዲዞሩ ተደረገ።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህንም ብዙ ገበሬን በሬ ሸጦ ከመታከም አድኗል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም አለ። አምስት የትኩረት አቅጣጫዎች አሉት፤ ሴፍቲኔት፣ ሥራና መተዳደሪያ፣ ማኅበራዊ መድህን፣ መሠረታዊ አገልግሎት፣ ከጥቃት የሚከላከል የሕግ ጥበቃ። ሁሉም ደግ ነገር ነው። ከአምስቱ ርዕሶች መካከል ግን የምታስታምመዋ ሴት ራሷን የቻለች ርዕስ አይደለችም። መድህኑም የሚከፍለው ለሕክምናው ነው፤ በሽተኛው ቤት ከገባ በኋላ ላለው ሌሊት አይደለም።

እኛ ቤትም አንድ ቀን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መጣች። ትሁት ልጅ ናት፤ አራት ፎቅ ወጥታ ላቧን እየጠረገች ነው የገባችው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ አለ ወይ? ነፍሰጡር አለች ወይ? የቆሻሻ አወጋገዳችሁ እንዴት ነው? ግፊት ለካችን። እናቴን አየች፤ "እግዜር ይማራት" አለች። ቅጿን ሞልታ ስትነሳ "ስለ ቁስሉ ማንን ልጠይቅ?" አልኳት። ቅጿን አየች፣ እኔን አየች። "ጤና ጣቢያ ይዘሻት ነይ" አለችኝ። ከአራተኛ ፎቅ።

ልጅቷ የታዘዘችውን ሠርታለች። ፕሮግራሙ ሲቀረጽ በዓይን የታዩት እናትና ሕፃን ነበሩ፤ ያኔ ልክ ነበር። ዛሬ ግን ስትሮክ፣ ስኳር፣ ካንሰርና የኩላሊት በሽታ የየብሎኩ ወሬ ሆነዋል። እነዚህ በሽታዎች በክትባት አያልቁም፤ ለዓመታት ቤት ይቀመጣሉ። ቤት የተቀመጠ በሽታ ደግሞ ቤት የምትቀመጥ ሴት ይፈልጋል።

ሰነዶቻችን "ማኅበረሰቡን በማሳተፍ" ሲሉ እኔ አሁን ሌላ ነገር ነው የሚሰማኝ። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የተደራጀውን የሴቶች ልማት ሠራዊት አስታውሱ። በአንድ ለአምስት ተደራጅተው የጤና ትምህርቱን ጎረቤት ለጎረቤት ያዳረሱት ሴቶች ደመወዝ አልነበራቸውም። በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ያካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ክፍያ የሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ በአብዛኛው በሴቶች ትከሻ ላይ እንዳለ አሳይቷል። ማኅበረሰብ፣ ቤተሰብ፣ በጎ ፈቃደኛ የሚሉ ቃላት ባነበባችሁ ቁጥር ቃሉን አውጡና "ያልተከፈላት ሴት" ብላችሁ ተኩበት። ዓረፍተ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን አያጣም።

"ባህላችን እኮ ነው"

ይህን ሳወራ ሁለት መልስ ይመጣብኛል። አንዱ "ሀገሪቱ ድሃ ናት" የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች እንክብካቤ የሚያደርገው የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን ነው ይላል። እሺ። ግን ግማሽ ሰዓት አስታማሚን ማስተማር ስንት ብር ይፈጃል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት፤ "በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧት፣ ቀና አድርጋችሁ አብሏት፣ ይሄን ምልክት ካያችሁ ቶሎ አምጧት" የሚል፤ ይሄ የኢኮኖሚ አቅም ይጠይቃል?

ሁለተኛው መልስ "ማስታመም ባህላችን ነው፤ ምርቃት ነው፤ ፈረንጆቹ ናቸው ወላጅ ጥለው የሚሄዱት" የሚለው ነው። እኔም ምርቃቱን አልጠላሁትም። እናቴ አንደበቷ ከተፈታ በኋላ በየማታው ትመርቀኝ ነበር፤ ያንን በምንም አልለውጠውም። ግን አክስቴን ላስታውሳችሁ። የእናቴ ታናሽ እህት ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ቤት ለቤት እየሄደች አዛውንት መንከባከብ። ሥራው እዚያ ስም አለው፤ ኮርስ ወስዳበታለች፤ በሰዓት ይከፈላታል። ስልክ ላይ ሆና እናቴን እንዴት እንደማገላብጣት ያስተማረችኝ እሷ ናት። ትራሱን የት እንደማደርግ በቪዲዮ አሳየችኝ። አክስቴ የሰው እናት እያገላበጠች ከምታገኘው ብር ለእህቷ መድኃኒት ትልክ ነበር። እኔ ደግሞ የእሷን እህት እያገላበጥኩ ሥራዬን አጣሁ። እጁ አንድ ዓይነት እጅ ነው፤ ድካሙ አንድ ዓይነት ድካም ነው። እዚያ ሙያ የተባለው እዚህ "ምን ትሠሪያለሽ?" ሲሉኝ "ምንም፣ ቤት ነኝ" የምልበት ነገር ሆነ።

ባህል ከሆነ ደግሞ የሁላችንም ባህል ይሁን። ሁለት ወንድሞች አሉኝ። መድኃኒት ገዝተዋል፤ አመሰግናቸዋለሁ። አንድ ሌሊት ግን አላደሩም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ይሄ የእኔ ጥፋት ነው። ታናሼ ዳይፐር መቀየር ከእኔ በላይ የሚከብደው በተፈጥሮው አልነበረም። ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው።

ዕድር አንዴ ችሎበታል

በአራተኛው ወር ገንዘብ ሲያልቅብን ወደ ዕድራችን ዳኛ ሄድኩ። እናቴ ከ20 ዓመት በላይ ከፍላለች። አዛውንቱ በሐዘኔታ ሰሙኝና "ልጄ፣ ደንባችን ለቀብር ነው እንጂ ለሕመም አይፈቅድም" አሉኝ። በሦስት ወሩ ያው ገንዘብ ተቆጥሮ እጃችን ላይ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ የሚፈልገው ሰው አልነበረም።

ደንብ ግን የሚለወጥ ነገር ነው። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ሰው ሲያስተኛ አንዳንድ ዕድሮች ይህንኑ ጥያቄ ተጋፍጠውት ነበር። አባል በአባል ላይ እየሞተ ሳጥኑ ባዶ ሊሆን ሲል ደንባቸውን አሻሻሉ። ለቀብር ብቻ የነበረውን ገንዘብ ከፊሉን ለታመመና ወላጅ ለሞተበት ልጅ አዋሉ። የሰፈር ሰዎች ሰልጥነው ቤት ለቤት በሽተኛ ያጥቡ፣ ቁስል ያክሙ፣ ምግብ ያበሉ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር ብዙ የአልጋ ቁራኛ የነበረ ሰው ተነሳ። የቤት ለቤት እንክብካቤውም እየቀዘቀዘ ሄደ። ልምዱ ግን በሰዎቹ እጅ ላይ አለ። ዛሬ ለስትሮክና ለካንሰር በሽተኛ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሰማይ አውርዱልኝ አይደለም። አዋጁ ለቀብር የፈቀደውን ሦስት ቀን ያህል እንኳን ለማስታመም በክፍያ ይፍቀድ፤ ለወንዱም ለሴቷም። ሆስፒታል በሽተኛ ከማስወጣቱ በፊት አስታማሚውን ግማሽ ሰዓት ያስተምር፤ ይህም በነርሷ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ይቆጠርላት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፤ "በቤቱ የአልጋ ቁራኛ አለ?" እና "የሚያስታምመው ሰው እንዴት ነው?" ዕድሮችም በዓመታዊ ስብሰባቸው አንድ አጀንዳ ያንሱ፤ ካለው ገንዘብ ስንት እጁን አባሉ በሕይወት ሳለ እንስጠው?

እስከዚያው ግን ሕግ እስኪሻሻል ቁጭ ብዬ አልጠብቅም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ይባል የለ? ከእኛ ብሎክ ቀጥሎ ባለው ብሎክ አባቷ በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊቱ የሚታጠብ ልጅ አለች። ዩኒቨርሲቲ አቋርጣ ነው የምታስታምመው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ቤታቸው እሄዳለሁ። ብርቱካን አልይዝም። ከአባቷ ጋር ቁጭ ብዬ ሬዲዮ እንሰማለን፤ ውኃ በልኩ አጠጣቸዋለሁ። እሷ ሁለት ሰዓት ትተኛለች።

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ "የት ነው የምትሄጂው?" አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "ሐሙስ እኔ ልሂድላት?" አለ።

እናንተም ብሎክ ውስጥ አንዲት አትጠፋም። ድንኳኑ ሳይተከል በሯን አንኳኩ።